አድማጩ ሳይከፍል ሬድዮ በምን አተረፈ? ቴሌቪዥኑስ ለምን በሦስት ኩባንያ እጅ ገባ?

ጥያቄው፦ «በአሜሪካ ሬድዮ ሲጀመር ሰው መቀበያውን ገዝቶ በነፃ ያዳምጥ ነበር። ታዲያ የጣቢያዎቹን ወጪ ማን ይችለው ነበር? በመቶ የሚቆጠሩ ጣቢያዎች እያሉስ ነገሩ ሁሉ እንዴት በኤንቢሲ፣ በሲቢኤስና በኤቢሲ እጅ ገባ? ቴሌቪዥን ሲመጣ አዲስ ኩባንያ ለምን አልገነነም?»

ባጭሩ ለመመለስ፣ ነገሩን የወሰነው የፕሮግራም ጥራት አልነበረም። የወሰኑት ድምፅን ከከተማ ከተማ የሚያደርሰው የስልክ መስመርና ጥሩው የሞገድ ቦታ ናቸው። ሁለቱም እንደልብ የሚገኙ አልነበሩም፤ ቀድሞ የያዛቸው ሌላውንም ያዘ። ገንዘቡን ያመጣው ማስታወቂያ ነው፤ ወደ ማን ኪስ እንደሚገባ የወሰኑት ግን እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ዝርዝሩ ረዘም ይላል። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ጣቢያ የሚተከለው መቀበያ ለመሸጥ ነበር። የዌስቲንግሃውስ ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ፍራንክ ኮንራድ ፒትስበርግ አጠገብ ዊልኪንስበርግ በሚገኘው ጋራዡ ውስጥ 8ኤክስኬ የተባለ የአማተር ማሰራጫ ነበረው። በዚያ ማሰራጫ የሸክላ ሙዚቃ እያጫወተ ብዙ አድማጭ አፈራ። በሴፕቴምበር 1920 ሆርን የተባለው የከተማው ትልቅ መደብር ይህን ሙዚቃ ለመስማት የሚያስችል መቀበያ ከ10 ዶላር ጀምሮ እንደሚሸጥ በጋዜጣ አስነገረ። የዌስቲንግሃውስ ምክትል ፕሬዚዳንት ሃሪ ዴቪስ ማስታወቂያውን ሲያነብ ትልቁን ነገር ተረዳ። እስከዚያ ድረስ ሬድዮ ማለት ሁለት ሰዎች የሚላላኩበት መሣሪያ ነበር፤ ገዢውም መርከብ፣ ጦር ሠራዊትና ጥቂት አማተር ብቻ ነው። ማዳመጫ ብቻ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ቤት ገዢ ነው። ለዚህ ደግሞ በየምሽቱ የሚደመጥ ነገር መኖር አለበት። ኩባንያው በፋብሪካው ጣሪያ ላይ 100 ዋት ማሰራጫ ተክሎ ኖቬምበር 2 ቀን 1920 በኬዲኬኤ ስም ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩትን የሃርዲንግንና የኮክስን የምርጫ ውጤት አሰራጨ። የመጀመሪያው ጣቢያ እሱ ነው መባሉ ያከራክራል፤ ዲትሮይት ላይ 8ኤምኬ በኦገስት ወር ጀምሮ ነበር። ለንግዱ ታሪክ ዋናው ነገር ግን አንድ ትልቅ አምራች ስርጭትን በሽያጭ ወጪ ሥር አስገብቶ መሥራቱ ነው።

ሒሳቡም ሠራ። በ1919 በጄኔራል ኤሌክትሪክ አማካይነት የተቋቋመው አርሲኤ የዋና ዋናዎቹን ኩባንያዎች ፓተንት በአንድ ላይ ይዞ ጄኔራል ኤሌክትሪክና ዌስቲንግሃውስ የሚያመርቷቸውን መቀበያዎች ይሸጥ ነበር። ሽያጩ በ1922 11 ሚሊዮን፣ በ1923 22.5 ሚሊዮን፣ በ1924 ደግሞ 50 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። በ1922 መጨረሻ አገሪቱ ውስጥ ከ500 በላይ ጣቢያዎች ነበሩ። ባለቤቶቹ የመሣሪያ አምራቾችና ነጋዴዎች፣ ትላልቅ መደብሮች፣ ጋዜጦችና ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው።

ይህ አሠራር ግን ብዙ የሚያስኬድ አልነበረም። መቀበያ አንዴ ይሸጣል፤ ፕሮግራም ግን በየቀኑ ይበላል። መጀመሪያ ላይ ዘፋኙም ተናጋሪው ፕሮፌሰርም የሚመጣው በነፃ፣ ለዝና ብሎ ነበር። ከ1922 ጀምሮ የዜማ ደራሲዎችና የአሳታሚዎች ማኅበር አስካፕ ለሙዚቃ ዓመታዊ ክፍያ ጠየቀ፤ ሙዚቀኞቹም ደመወዝ ጠየቁ። የጣቢያ ባለቤቶች በ1923 የራሳቸውን ብሔራዊ ማኅበር ያቋቋሙት በዋናነት ይህን የአስካፕ ክፍያ ለመከላከል ነው። አቅም ያጠራቸው ዩኒቨርሲቲዎችና ትናንሽ ነጋዴዎች ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አንድ በአንድ መዝጋት ጀመሩ።

መውጫውን ያገኘው የስልክ ኩባንያው ኤቲ ኤንድ ቲ ነው። ሐሳቡ ከስልክ ሥራው የመጣ ነው፤ የሕዝብ ስልክ ኩባንያው ያቆማል፣ የሚናገረው ግን ሳንቲም የከፈለው ሰው ነው፤ ማሰራጫም እንዲሁ ይሁን አለ። ኒው ዮርክ ውስጥ በዎከር ጎዳና የተተከለው የመጀመሪያው ጣቢያ በደንብ ስላልተሰማ በዌስት ጎዳና ወደሚገኘው የዌስተርን ኤሌክትሪክ ሕንፃ ተዛውሮ ደብልዩኢኤኤፍ ተባለ። ኦገስት 28 ቀን 1922 ኩዊንስቦሮ ኮርፖሬሽን የተባለ የቤት ሻጭ በጃክሰን ሃይትስ የሠራቸውን አፓርታማዎች ለማስተዋወቅ የአየር ሰዓት ገዛ። ዋጋው ለከሰዓት 10 ደቂቃ 50 ዶላር ነበር። ንግግሩ ስለ ንጹሕ አየርና ስለ ሰፊ ግቢ የሚያትት እንጂ ዋጋ የሚጠራ አልነበረም። ጨዋነቱ ለረጅም ጊዜ ዘልቋል፤ ትልልቆቹ ኔትወርኮች፣ ማለትም አንድ ፕሮግራም በብዙ ከተሞች ጣቢያዎች በአንድ ጊዜ የሚያስተላልፉት ኩባንያዎች፣ ዋጋ በአየር ላይ እንዲጠራ የፈቀዱት የኢኮኖሚ ድቀቱ ገቢያቸውን ከነካ በኋላ በ1932 ነው።

አሁን ወደ ሽቦው እንግባ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። አንድ ጣቢያ ብቻውን ጥሩ ፕሮግራም ቢሠራ ወጪውን የሚሸከመው የአንድ ከተማ አድማጭ ነው። ያው ፕሮግራም በሃያ ከተማ በአንድ ጊዜ ቢሰማ ወጪው ለሃያ ይከፋፈላል፤ ማስታወቂያ አስነጋሪውም ለሃያ ከተማ ይከፍላል። ኤቲ ኤንድ ቲ ጃንዋሪ 4 ቀን 1923 ደብልዩኢኤኤፍን በቦስተን ካለው ደብልዩኤንኤሲ ጋር በስልክ መስመር አገናኘ። ተራ የስልክ ንግግር ወደ 3,000 ኸርዝ የሚደርስ ድምፅ ይበቃዋል፤ ሙዚቃ ግን እስከ 5,000 ኸርዝ ካልደረሰ ቫዮሊኑ ደብዝዞ የታፈነ ይመስላል። ስለዚህ በመስመሩ ላይ በየርቀቱ ማጉያ ይገባል፤ ከፍተኛው ድምፅ በሽቦው ላይ ከዝቅተኛው ይልቅ ስለሚደክም ደግሞ ሁለቱን የሚያመጣጥን መሣሪያ ይታከልበታል። ይህን የሚችለው መስመሩም ላቦራቶሪውም የራሱ የሆነው ኤቲ ኤንድ ቲ ብቻ ነበር፤ ለተፎካካሪዎቹም መስመሩን ከለከላቸው። አርሲኤ በቴሌግራፍ ሽቦ ሞከረ። የቴሌግራፍ ሽቦ የተሠራው የኤሌክትሪክ ፍሰትን ለመቁረጥና ለመቀጠል ነው። ብዙ ጊዜ አንድ የብረት ሽቦ ሆኖ የመልሱን መንገድ በመሬት በኩል ስለሚያደርግ የኃይል መስመር ጉምጉምታና የጎረቤት ሽቦ የቴሌግራፍ ቱክታ ሁሉ ይገባበታል። ሙዚቃው በዚያ ጫጫታ ውስጥ ጠፋ።

ፍልሚያው ያበቃው በግልግል ዳኝነትና በድርድር ነው። በ1926 ኤቲ ኤንድ ቲ ደብልዩኢኤኤፍን በ1 ሚሊዮን ዶላር ለአርሲኤ ሸጦ ከስርጭት ወጣ፤ የመስመር ኪራዩን ግን ለራሱ አስቀረ። በእኔ ግምት በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ብልጡ ነጋዴ እሱ ነው፤ ማንም ያሸንፍ ማን ኪራዩ ወደ እሱ ይመጣል። አርሲኤ፣ ጄኔራል ኤሌክትሪክና ዌስቲንግሃውስ 50፣ 30 እና 20 በመቶ ይዘው ኤንቢሲን አቋቋሙ። የመክፈቻው ስርጭት ኖቬምበር 15 ቀን 1926 ከዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ተላለፈ። ሁለት ቡድን መስመር ነበረው፤ በደብልዩኢኤኤፍ የሚመራው ቀዩ ኔትወርክና ከጃንዋሪ 1927 ጀምሮ በአርሲኤው ጣቢያ በደብልዩጄዜድ የሚመራው ሰማያዊው።

በዚያው ጊዜ አየሩ ተበላሽቶ ነበር። በ1922 የንግድ ሚኒስትሩ ኸርበርት ሁቨር ለመዝናኛ የሰጠው አንድ ሞገድ ብቻ፣ 360 ሜትር ወይም 833 ኪሎኸርዝ ገደማ ነበር። የአንድ ከተማ ጣቢያዎች ሰዓት ተከፋፍለው ነው የሚሠሩበት። በኋላ ሞገዶች ቢጨመሩም በ1926 ፍርድ ቤት ዜኒት በተባለው የሬድዮ ኩባንያ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሞገድ የመመደብ ሥልጣን የለውም ብሎ ፈረደ። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ወደ 200 የሚጠጉ አዳዲስ ጣቢያዎች የፈለጉት ሞገድ ላይ ወጡ።

ጉዳቱ በአድማጩ ጆሮ ላይ እንዴት እንደሚደርስ ልግለጽ። ሁለት ጣቢያዎች 833 ኪሎኸርዝ ላይ ነን ቢሉና አንዱ ሸርተት ብሎ 834 ላይ ቢገኝ መቀበያው ውስጥ የሁለቱ ልዩነት፣ ማለትም 1,000 ኸርዝ፣ የማያቋርጥ ፉጨት ሆኖ ይወጣል። የዚያን ጊዜ ማሰራጫዎች ብዙዎቹ አንቴናቸው ከሞገድ አመንጪው ክፍል ጋር በቀጥታ የተያያዘ ስለነበር ነፋስ ሽቦውን ሲያወዛውዘው ሞገዱ ይንቀሳቀሳል፤ ፉጨቱም ከፍ ዝቅ ይላል። ሞገድን በክሪስታል መቆጣጠር የተለመደው ቆይቶ ነው። ከዚህ የሚብሰው የሌሊቱ ነገር ነው። ቀን የሚዋጠው ሞገድ ሌሊት ከላይኛው የከባቢ አየር ንብርብር እየነጠረ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ንግግሩ ሊሰማ የማይችል ደካማ ጣቢያ እንኳ ፉጨቱ ይሰማል። ስለዚህ አንድ ትንሽ ጣቢያ የሚያገለግለው ሃያ ኪሎ ሜትር ቢሆን የሚያበላሸው ግን ብዙ ክፍለ ግዛት ነው።

ኮንግረስ በፌብሩዋሪ 1927 የሬድዮ ሕግ አውጥቶ አምስት አባላት ያሉት የፌዴራል ሬድዮ ኮሚሽን አቋቋመ። ኮሚሽኑ በኖቬምበር 1928 ጣቢያዎችን በ10 ኪሎኸርዝ ልዩነት በ96 ሞገዶች ላይ እንደገና ደለደለ። ከእነዚህ ውስጥ 40ዎቹ በሌሊት በመላ አገሪቱ አንድ ጣቢያ ብቻ የሚሠራባቸው ነፃ ሞገዶች ሆኑ። የምሕንድስናው ምክንያት ትክክል ነው፤ ፉጨቱን ለማጥፋት ሌላ መንገድ አልነበረም። ውጤቱ ግን ገበያውን ለሁለት ከፈለው። ነፃ ሞገድ የተሰጠው ጥሩ መሣሪያ፣ ቋሚ ሠራተኛና ረጅም የሥራ ሰዓት ላለው ነው፤ እነዚህ ደግሞ በአብዛኛው የኔትወርክ አጋር ጣቢያዎች፣ ማለትም የኔትወርክን ፕሮግራም በውል የሚያስተላልፉ፣ ናቸው። የዩኒቨርሲቲ ጣቢያዎች ብዙ ጊዜ የደረሳቸው በቀን ብቻ የሚሠራ ወይም ከሌላ ጋር የሚጋሩት ሞገድ ነው። አድማጭ በሚበዛበት ምሽት አየር ላይ የሌለ ጣቢያ ደግሞ ገንዘብ አያገኝም።

የመቀበያውም ጉዳይ አለ። እስከ 1927 አካባቢ አብዛኛው ቤት የሚጠቀመው በባትሪ የሚሠራ መቀበያ ነበር። ድምፁን የሚያጎላ አምስት የመስታወት ቱቦ ያለው መቀበያ 201ኤ በሚባለው ቱቦ ቢሠራ በውስጡ የሚግለው እያንዳንዱ ክር 0.25 አምፔር ስለሚስብ ድምሩ 1.25 አምፔር ነው። 100 አምፔር ሰዓት የሚይዝ የ6 ቮልት የአሲድ ባትሪ 80 ሰዓት ያህል ያቆየዋል፤ በቀን አራት ሰዓት ለሚያዳምጥ ቤት ሃያ ቀን መሆኑ ነው። ከዚያ ወደ ጋራዥ ተሸክሞ ማስሞላት ነው፤ አሲዱም ምንጣፍ ይበላል። ከዚህ በተጨማሪ ሁለት የ45 ቮልት ደረቅ ባትሪዎች ተቀጣጥለው 90 ቮልት ይሰጣሉ። አንድ ሰው በስህተት የ90 ቮልቱን ገመድ የክሩ መግቢያ ላይ ቢያስር አምስቱም ቱቦዎች በአንድ ብልጭታ ይቃጠላሉ። እንዲህ ያለው መሣሪያ ከአባወራው ወይም ከልጁ በቀር የሚነካው አልነበረም። በ1927 ከቤት መብራት በቀጥታ የሚሠሩ ቱቦዎች ሲወጡ ሬድዮ ቁልፍ ተጭኖ የሚከፈት የሳሎን ዕቃ ሆነ። የሳሙናና የምግብ አምራቾች በቀን ለቤት እመቤቶች የሚቀርብ ተከታታይ ድራማ መግዛት የቻሉት ከዚህ በኋላ ነው።

ሲቢኤስ ወደ ገበያው የገባው ሴፕቴምበር 18 ቀን 1927 በ16 ጣቢያዎች ነው፤ ገና ከጅምሩ ሊከስር ደርሶ ነበር። ያዳነው በ1928 ከሲጋር ነጋዴ ቤተሰብ የመጣው ዊልያም ፔሊ ያወጣው የአጋር ጣቢያዎች ውል ነው። በእኔ አስተያየት ያ ውል በሬድዮ ከተሠራጨው ከየትኛውም ፕሮግራም ይበልጥ ንግዱን ለውጦታል። ኤንቢሲ ስፖንሰር፣ ማለትም ወጪውን ችሎ ማስታወቂያውን የሚያስነግር ድርጅት፣ የሌላቸውን ፕሮግራሞች ለአጋር ጣቢያዎች በክፍያ ይሰጥ ነበር። ስፖንሰር ላለው ፕሮግራም ደግሞ ጣቢያው እንዲቀበል መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ጣቢያው እምቢ ካለ አስነጋሪው ያንን ከተማ ያጣል። ፔሊ ይህን ገለበጠው። ስፖንሰር የሌላቸውን ፕሮግራሞች በነፃ ሰጠ፤ በምላሹ ስፖንሰር ሲመጣ የጣቢያውን የአየር ሰዓት የመውሰድ መብት ወሰደ። ትንሹ ጣቢያ ቀኑን የሚሞላበት ነፃ ፕሮግራም አገኘ። ሲቢኤስ ደግሞ አስነጋሪውን «በዚህ ሰዓት፣ በእነዚህ ከተሞች ሁሉ» ብሎ በአንድ ውል መሸጥ ቻለ።

ስፖንሰሩ የሚከፍለው በሦስት መልክ ነው፤ የአየር ሰዓት፣ የመስመርና የተዋናዮች። ፕሮግራሙን የሚሠራው ብዙ ጊዜ ኔትወርኩ ሳይሆን የማስታወቂያ ድርጅቱ ነው፤ ድርጅቱም ከአየር ሰዓቱ ዋጋ 15 በመቶ ኮሚሽን ያገኛል። ኔትወርኩ የሚሸጠው ስቱዲዮ፣ መስመርና ሰዓት ብቻ ነው። ይህን ልብ ይበሉ፤ ጥሩ ደራሲ ወይም ታዋቂ ኮሜዲያን የያዘ ሰው ኔትወርክ መሆን አይችልም ነበር። ተዋናዩ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛወራል፣ ሰዓቱና አጋር ጣቢያዎቹ ግን አይዛወሩም።

ኤቢሲ የመጣው ከኤንቢሲ ሆድ ነው። በ1934 የሬድዮ ኮሚሽኑን የተካው ኤፍሲሲ በሜይ 1941 አንድ ኩባንያ ሁለት ኔትወርክ እንዳይዝ ወሰነ። ኔትወርኮቹ ተከራክረው በ1943 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተረቱ። ሰማያዊው ኔትወርክ ለላይፍ ሴቨርስ ከረሜላ ባለቤት ኤድዋርድ ኖብል በ8 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ በኋላም ኤቢሲ ተባለ።

ቴሌቪዥን ሲመጣ ያው ሁለት ነገር በባሰ ሁኔታ ተደገመ። በ525 መስመር ሥዕል የሚሠራው የንግድ ቴሌቪዥን የተፈቀደው ጁላይ 1 ቀን 1941 ነው፤ በዚያው ቀን የኒው ዮርኩ ደብልዩኤንቢቲ የቡሎቫን የእጅ ሰዓት አስተዋወቀ። ጦርነቱ አቆመውና እውነተኛው ገበያ ከ1946 በኋላ ጀመረ። አንድ የቴሌቪዥን ቻናል 6 ሜጋኸርዝ ይወስዳል፤ 600 የመካከለኛ ሞገድ ሬድዮ ጣቢያ የሚይዝ ስፋት ነው። ለሥዕሉ ብቻ ወደ 4 ሜጋኸርዝ ስለሚያስፈልግ የስልክ ሽቦ ከቶ አይሸከመውም። ኮአክሲያል ኬብል የሚባለው ሰፊ ሞገድ የሚሸከም ልዩ ገመድ ወይም ከማማ ማማ የሚቀባበል ማይክሮዌቭ ያስፈልጋል፤ ባለቤቱም እንደገና ኤቲ ኤንድ ቲ ነው። ምሥራቁ ከቺካጎ የተገናኘው በጃንዋሪ 1949፣ ከምዕራብ ጠረፍ ደግሞ በሴፕቴምበር 1951 ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መስመሩ ስለማይበቃ ኔትወርኮች ሰዓት ይከፋፈሉበት ነበር። መስመር ያልደረሰበት ከተማ የሚያየው ከስክሪን ላይ በፊልም ካሜራ የተቀዳ ቅጂ ነው። ቴሌቪዥኑ በሴኮንድ 30 ሥዕል፣ ፊልሙ 24 ስለሆነ ማመሳሰሉ አስቸጋሪ ነበር፤ ሥዕሉም ግራጫና ብዥታ የበዛበት ሆኖ ከቀናት በኋላ በፖስታ ይደርሳል።

ሞገዱን በተመለከተ፣ ኤፍሲሲ በአንድ ቻናል ላይ የሚሠሩ ከተሞችን በጣም አቀራርቦ ፈቅዶ ነበር። ሞገዱ ከተገመተው በላይ ሲጓዝ ሁለቱ ጣቢያዎች ተጋጭተው ሥዕሉ ላይ አግድም ጥቁር ዘንጎች ይሠራሉ። ሴፕቴምበር 30 ቀን 1948 አዲስ ፈቃድ መስጠት ቆመ። ለጥቂት ወራት የታሰበው እገዳ እስከ ኤፕሪል 1952 ቆየ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አየር ላይ የነበሩት 108 ጣቢያዎች ብቻ ናቸው፤ አብዛኞቹ የሬድዮ ባለቤቶች ያቋቋሟቸው ሆነው ከኤንቢሲና ከሲቢኤስ ጋር የቆየ ግንኙነት ነበራቸው። አንድ ጣቢያ ብቻ ያለው ከተማ ከሁሉም ኔትወርክ ምርጥ ምርጡን ይወስዳል፤ ለሦስተኛውና ለአራተኛው የሚተርፈው የሌሊት ፍርፋሪ ነው።

አዲስ ኩባንያ ለምን አልገነነም ላሉት፣ ሞክሮ ነበር። የቴሌቪዥን አምራቹ ዱሞንት ከ1946 ጀምሮ ኔትወርክ አካሂዷል። የሬድዮ ትርፍ አልነበረውም፤ የሬድዮ አጋር ጣቢያም አልነበረውም። ሦስት የራሱ ጣቢያዎች ነበሩት፣ በኒው ዮርክ፣ በዋሽንግተንና በፒትስበርግ። አንድ ባለቤት አምስት ቪኤችኤፍ ጣቢያ (ከ2 እስከ 13 ባሉት የተለመዱ ቻናሎች የሚሠራ) መያዝ ሲችል ኤፍሲሲ ግን ባለድርሻው የፊልም ኩባንያ ፓራማውንት ዱሞንትን ይቆጣጠራል ብሎ የፓራማውንትን ሁለት ጣቢያዎች በዱሞንት ሒሳብ ቆጠረበት። በዚህም ሌላ መጨመር አልቻለም። ኤቢሲ ግን በ1953 ከፊልም ኩባንያው ከተለየው የሲኒማ ቤቶች ኩባንያ ከዩናይትድ ፓራማውንት ቲያትሮች ጋር ተዋሕዶ ገንዘብ አገኘ። ዱሞንት የፒትስበርጉን፣ በእገዳው ዘመን በከተማዋ ብቸኛ የነበረውን ጣቢያ፣ በ9.75 ሚሊዮን ዶላር ለዌስቲንግሃውስ ሸጠ። ገንዘብ ቢያስገኝም ሌሎችን ጣቢያዎች ለመደራደር የሚጠቀምበትን መያዣ ነው የሸጠው፤ በ1956 ኔትወርኩ አበቃ።

ያ እገዳ ሲነሣ መንግሥት ከ14 እስከ 83 ያሉ 70 የዩኤችኤፍ፣ ማለትም ከቪኤችኤፍ በላይ ባሉ ሞገዶች የሚሠሩ፣ ቻናሎች ጨመረ። በወረቀት ላይ ቦታ ሞላ፤ በተግባር አልሠራም። በእጅ ያሉት መቀበያዎች ከ2 እስከ 13 ብቻ ነው የሚይዙት፤ ዩኤችኤፍ ለማየት መለወጫና ሌላ አንቴና መግዛት ያስፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ ማሰራጫዎች ኃይላቸው አነስተኛ ነበር፤ ኮረብታና ሕንፃ ዩኤችኤፍን ከቪኤችኤፍ ይልቅ በቀላሉ ይጋርደዋል። ከአንቴናው የሚወርደው ጠፍጣፋ ገመድም ዝናብ ሲያርሰው በዚያ ሞገድ ላይ ብዙ ምልክት ያባክናል። ተመልካች ሲጠፋ ስፖንሰር ይጠፋል፣ ስፖንሰር ሲጠፋ ኔትወርክ አይመጣም፣ ኔትወርክ ከሌለ ደግሞ መለወጫውን የሚገዛ የለም። ኮንግረስ ሁሉም አዲስ መቀበያ ዩኤችኤፍን እንዲይዝ ያስገደደው በ1962 ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው በ1964።

አንድን ከተማ ለይተው ማጥናት ከፈለጉ በ1952ቱ ድልድል ለዚያ ከተማ ስንት ቪኤችኤፍ ቻናል እንደደረሰው በመመልከት ይጀምሩ። ሁለት ከሆነ ብዙውን ጊዜ ኤንቢሲና ሲቢኤስ ወስደዋቸዋል፤ ኤቢሲም በዩኤችኤፍ ወይም በሌሎቹ ትርፍ ሰዓት ሲንገላታ ያገኙታል። ሦስት ከሆነ ሦስቱም አሉ። አራት የደረሳቸው ከተሞች ጥቂት ናቸው፤ ዱሞንት በጥሩ ሰዓት ሊታይ ይችል የነበረው በእነዚያ ብቻ ነው።